‹ፒዲን› ወይስ ‹ፒዳሲን›? ስለ ኢስቶኒያኛው ‹ፒዳማ›

ጥያቄው፦ «የምኖረው ታርቱ ነው፤ ኢስቶኒያኛ መማር ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። ‹ትናንት ትምህርት ቤት መሄድ ነበረብኝ› ለማለት ‹ማ ፒዳሲን ኤይሌ ኮሊ ሚኔማ› ብዬ ስጽፍ፣ መምህሬ ‹ፒዳሲን›ን ሰርዘው ‹ፒዲን› አደረጉት። መዝገበ ቃላቱ ግን ሁለቱንም ‹ፒዳማ› ከሚለው ግስ ሥር ነው ያስቀመጣቸው። በዚህ ላይ አለቃዬ ‹ሳ ኤይ ፔአ ሆምሜ ቱሌማ› ብላ ስትጽፍልኝ ‹ነገ መምጣት የለብህም› ማለቷ መስሎኝ ከሥራ የተባረርኩ ያህል ደነገጥኩ። ይህ ግስ ምንድን ነው የሚለው?»

ምላሽ፦ መምህርዎ ልክ ናቸው፤ መዝገበ ቃላቱም አልተሳሳተም። አለቃዎም አላባረረችዎትም። ሦስቱም ነገሮች ከአንድ ቦታ ይነሣሉ። ‹ፒዳማ›ን እንደ አንድ ግስ ሳይሆን፣ በአሁን ጊዜ አንድ መልክ ኖሯቸው በኃላፊ ጊዜ የሚለያዩ ሁለት ግሶች አድርጎ ማጥናት ይቀላል። አንደኛው የእኛ ‹አለብኝ› ነው። ሁለተኛው ከ‹ያዘ› ጋር የሚሄድ ሲሆን እንደ አገባቡ ‹ጠበቀ›፣ ‹አካሄደ›፣ ‹አረባ›፣ ‹አድርጎ ቆጠረ› እየሆነ ይፈታል።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ አጻጻፌ አንድ ቃል። የኢስቶኒያኛውን ቃል በእኛ ፊደል ስጽፍ የሚጠብቀውን ፊደል ደግሜ አስቀምጣለሁ፤ ‹ኪንኒ›፣ ‹ሆምሜ› እንደማለት። የተራዘመ አናባቢን ግን ፊደላችን ስለማያሳይ ‹ፔቲ› እና ‹ኮሊ› ላይ አናባቢውን ረዘም አድርገው ያንብቡት። ማዕበል የተጫነበት የእነርሱ ኦ ከእኛ ሳድስ ጋር በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ ‹ስና› (ቃል)፣ ‹ክኔ› (ንግግር) እና ‹ንኡ› (ምክር) ላይ የመጀመሪያው ፊደል ‹ስም› እንደምንለው ‹ስ› ይነበባል እንጂ አይዋጥም። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ድምፅ ከብዙ የአውሮፓ ተማሪ ይልቅ ዕድለኛ ነው። የ‹ፒዳማ› ፒም የፈረንጅ ፕ ናት እንጂ የ‹ጴጥሮስ› ጵ አይደለችም።

አሁን እርባታው። በአሁን ጊዜ ሁለቱም ግሶች አንድ ናቸው፦ ማ ፔአን፣ ሳ ፔአድ፣ ታ ፔአብ፣ ሜ ፔአሜ፣ ቴ ፔአቴ፣ ናድ ፔአቫድ። በኃላፊ ጊዜ ‹አለብኝ› የሚለው ፒዲን፣ ፒዲድ፣ ፒዲ፣ ፒዲሜ፣ ፒዲቴ፣ ፒዲድ ይሆናል። ‹ያዘ› የሚለው ደግሞ ፒዳሲን፣ ፒዳሲድ፣ ፒዳስ፣ ፒዳሲሜ፣ ፒዳሲቴ፣ ፒዳሲድ ይሆናል። በሁለቱም ረድፍ የ‹አንተ› እና የ‹እነርሱ› ቅርጽ አንድ ነው፤ ‹ፒዲድ› ብቻውን ከቆመ ‹ነበረብህ› ይሁን ‹ነበረባቸው› አይታወቅም። ስለዚህ ተውላጠ ስሙን አይጣሉት። ‹ቴ› እንደ እኛ ‹እናንተ›ም ‹እርስዎ›ም ነው፤ ለማያውቁት ሰው፣ ለሐኪም፣ ለቢሮ ሠራተኛ ‹ቴ ፔአቴ› ይበሉ።

‹ፒዳማ› ውስጥ ያለችው ድ ‹ፔአን› ውስጥ የት ሄደች? ይህ የግሱ አመል ብቻ አይደለም። ኢስቶኒያኛ የቃሉን ግንድ ያጠነክራል፣ ያላላል። ሲላላ መካከል ላይ ያለች ድ ወይም ግ ትወድቃለች፤ እርሷ ስትወድቅ ቀድማት የነበረችው ኢ ወደ ኤ ትወርዳለች። ‹ሪዳ› (ረድፍ) ‹ሬአ› ይሆናል፣ ‹ሲጋ› (ዐሣማ) ‹ሴአ›፣ ‹ቪጋ› (ስሕተት) ‹ቬአ›። ‹ፒዳ› ‹ፔአ› መሆኑም ያው ሕግ ነው። እነዚህን አራት ጥንዶች ጮክ ብሎ ደጋግሞ ማለት ‹ፔአን›ን እንደ ሕገ ወጥ ቃል ከመሸምደድ ያድናል።

ሁለት ኃላፊ ጊዜ ለምን እንደ ኖረ ደግሞ እንዲህ ነው። አብዛኛው የኢስቶኒያኛ ግስ ኃላፊ ጊዜን የሚሠራው ‹ሲ› በመጨመር ነው፦ ኤላማ (መኖር)፣ ኤላሲን። በየቀኑ ከአፍ የማይጠፉ ጥቂት ግሶች ግን አጭሩን ‹ኢ› ይዘው ቀርተዋል፦ ኦሊን (ነበርኩ)፣ ቱሊን (መጣሁ)፣ ፓኒን (አስቀመጥኩ)፣ ቴጊን (ሠራሁ)፣ ናጊን (አየሁ)። ‹ፒዲን› የእነዚህ ወገን ነው፤ ‹ፒዳሲን› የብዙኃኑ። በዘመዱ በፊንላንድኛ ‹ፒታ› የሚለው ግስም ‹ያዘ›ንም ‹አለበት›ንም ይላል፤ የኃላፊ ጊዜው ቅርጽ ግን አልተከፈለም። ኢስቶኒያኛ ከፍሎታል፤ ለተማሪ ደግሞ ጥሩ አድርጓል፤ ምክንያቱም ኃላፊ ጊዜ ላይ ሲደርስ ግሱ የትኛው እንደሆነ ራሱን ያጋልጣል።

ሁለቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፦ ‹ሳ ፔአድ ስና ፒዳማ›። ‹ቃልህን መጠበቅ አለብህ› ማለት ነው። ፊተኛው ‹ፔአድ› አለብህ ነው፤ ኋለኛው ‹ፒዳማ› መጠበቅ ነው። አሁን ወደ ኃላፊ ጊዜ ይውሰዱት፦ ‹ሳ ፒዲድ ስና ፒዳማ›፣ ቃልህን መጠበቅ ነበረብህ። ‹ሳ ፒዳሲድ ስና›፣ ቃልህን ጠበቅህ። ‹ሳ ፒዲድ ስና ፒዳማ፣ አጋ ኤይ ፒዳኑድ›፣ ቃልህን ልትጠብቅ ነበር፣ ግን አልጠበቅህም። በእኔ ግምት ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር በአራቱም መልኳ የያዘ ሰው የ‹ፒዳማ›ን ግማሽ ጨርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ የኃላፊ ጊዜ አሉታ ለሁለቱም አንድ ነው፣ ‹ኤይ ፒዳኑድ›። የአሁን ጊዜ አሉታም እንደዚሁ ‹ኤይ ፔአ› ነው። ታዲያ በምን ይለያል? ተከትሎ በሚመጣው ቃል። የሚከተለው በ‹ማ› የሚያልቅ ግስ ከሆነ (እነርሱ ‹ማ-ቴጌቩስኒሚ› ይሉታል) ነገሩ ግዴታ ነው፤ ስም ከሆነ መያዝ ወይም መጠበቅ ነው። የእርስዎ ዐረፍተ ነገር ‹ሚኔማ› ስላለበት ‹ፒዳሲን› ሊገባበት አይችልም። መምህርዎ የሰረዙትም በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ግዴታውን እንጨርስ። በአማርኛ ‹መሄድ አለብኝ› ስንል ግዴታው በሰውዬው ላይ ይጫናል፤ ‹ብኝ› የምትለው ጭነቱን ታሳያለች። ከዚህ ልማድ የተነሣ ብዙ ሰው ‹ሙል ፔአብ ሚኔማ› ይላል፣ ‹ሙል› እኔ ዘንድ፣ በእኔ ላይ ማለት ስለሆነ። ስሕተት ነው። ከ‹ፒዳማ› ጋር ሰውዬው ተራ ባለቤት ነው፦ ‹ማ ፔአን ሚኔማ›። ‹ሙል› የሚገባው በሌሎቹ የግዴታ አባባሎች ነው፦ ‹ሙል ቱሌብ ሚንና› ወይም ‹ሙል ኦን ቫያ ሚንና›። ልብ ይበሉ፣ በእነዚህ ‹ሚኔማ› ‹ሚንና› ሆኗል። ‹ማ ሳን ሚንና› (መሄድ እችላለሁ)፣ ‹ማ ታሃን ሚንና› (መሄድ እፈልጋለሁ)፣ ‹ማ ቶሂን ሚንና› (መሄድ ተፈቅዶልኛል) ላይም እንደዚሁ። ከ‹ፒዳማ› ኋላ ግን ሁልጊዜ ‹ማ› ናት። ‹ማ ፔአን ሚንና› የሚለው በሥራ ቦታ ከውጭ ሰው አፍ በብዛት የሚሰማ ስሕተት ነው። ሰው ይረዳዎታል፤ ጆሮን ግን ይቆረቁራል።

ባለቤት የሌለው አጠቃላይ ግዴታ ሲሆን ‹ፔአብ› ብቻውን ይቆማል። ‹ሲን ፔአብ ቫይክኔ ኦሌማ›፣ እዚህ ዝም ማለት ያስፈልጋል። ‹ፔታክሴ› የሚለውን ተገብሮ ለግዴታ ለመጠቀም አይሞክሩ፤ እርሱ የሌላኛው የ‹ያዘ› ንብረት ነው።

‹ፔአብ› እንደ አማርኛው ‹አለበት› ግምትንም ይችላል። ‹ታ ፔአብ ኮዱስ ኦሌማ› ማለት ቤት መሆን አለበት፤ ግዴታ ተጥሎበት ሳይሆን መብራቱ በርቶ ስላየሁ። ‹ፔአክስ› ሲሆን ይለዝባል። ‹ቡስ ፔአክስ ኮሄ ቱሌማ›፣ አውቶቡሱ አሁን መምጣቱ አይቀርም። ለሰው ሲነገር ደግሞ ምክር ነው፦ ‹ሳ ፔአክሲድ ፑህካማ›፣ ብታርፍ ይሻልሃል። ለታላቅ ሰው ‹ቴ ፔአቴ› ከማለት ‹ቴ ፔአክሲቴ› ማለት ጨዋነት ነው።

ወደ አለቃዎ መልእክት ልምጣ፤ እውነተኛው አደጋ እዚህ ነውና። በአማርኛ ‹መምጣት የለብህም› ስንል አብዛኛውን ጊዜ መከልከላችን ነው። ኢስቶኒያኛው ‹ኤይ ፔአ› ግን ግዴታውን ያነሣል እንጂ አይከለክልም። ‹ሳ ኤይ ፔአ ሆምሜ ቱሌማ› ማለት ነገ የመምጣት ግዴታ የለብህም፣ ባትመጣም ችግር የለም ማለት ነው። መከልከል ብትፈልግ ኖሮ ‹ሳ ኤይ ቶሂ ሆምሜ ቱልላ› ትል ነበር። መካከል ላይ ደግሞ ‹ሳ ኤይ ፔአክስ ቱሌማ› አለ፦ ባትመጣ ይሻላል። ሦስቱን መቀያየር ዋጋ ያስከፍላል። ሐኪም ስለ አንድ መድኃኒት ‹ኤይ ፔአ ቮትማ› ካለዎት፣ ካልፈለጉ አይውሰዱት ማለቱ ነው፤ ‹ኤይ ቶሂ ቮትታ› ካለዎት ግን እንዳይነኩት ነው። (እዚህ ‹ቮ› ብዬ የጻፍኳት ያችው ሳድስ መሰሏ ኦ ናት፣ ‹ቭ› ሊሏትም ይችላሉ።) ከአማርኛ ወደ ኢስቶኒያኛ ሲሄዱም ያው ነው፤ ልጅዎን ‹መንገድ ላይ መሮጥ የለብህም› ለማለት ‹ኤይ ፔአ› ካሉት፣ ‹ከፈለግህ ሩጥ› እያሉት ነው።

በኃላፊ ጊዜ ‹ኤይ ፒዳኑድ› ትንሽ ሰፋ ይላል። ‹ሴዳ ኤይ ፒዳኑድ ዩህቱማ› ማለት ይህ ሊሆን የሚገባ አልነበረም ነው። ‹ግዴታ አልነበረም› ብቻ ሳይሆን ‹ያልታሰበ ነው›፣ ‹መሆን አልነበረበትም› የሚል ቅሬታም ይሸከማል። የትኛው እንደሆነ ዐውዱ ይነግርዎታል።

‹ፒዲ› ራሷ ደግሞ ብዙ ፊት አላት። የመጀመሪያው ያለፈ ግዴታ ነው፣ ጽፈው የነበረው። ሁለተኛው ሳይፈጸም የቀረ ዕቅድ ነው፦ ‹ሮንግ ፒዲ ኬል ካሄክሳ ቱሌማ፣ አጋ ኤይ ቱልኑድ›፣ ባቡሩ በ8 ሰዓት ሊመጣ ነበር፣ ግን አልመጣም። (8 ሰዓት ያልኩት በእነርሱ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው።) እዚህ ባቡሩ ግዴታ የለበትም፤ አማርኛው ‹ሊ… ነበር› ነው። ሦስተኛው ለጥቂት የተረፉበት ነገር ነው። ‹ማ ፒዲን ናኤሩ ካትቴ ሱሬማ› ማለት በሣቅ ልሞት ነበር ነው፤ ማንም እንዲሞት አልታዘዘም። ‹ልወድቅ ነበር› የሚለውን የአማርኛ አባባል የሚያውቅ ሰው ይህን ሳይማር ይረዳዋል።

አራተኛው ፊት ተማሪዎችን የሚያደናግር ነው፤ ወሬ። ‹ታ ፒዲ ሶሜስ ኤላማ› ማለት ‹ፊንላንድ ይኖራል አሉ› ሊሆን ይችላል። ቅርጹ ኃላፊ ነው፣ ነገሩ ግን አሁን ነው፤ ተናጋሪው ‹እኔ አላየሁም፣ ሲሉ ሰማሁ› እያለ ነው። ለዚሁ ሥራ ሌላ የተለየ ቅርጽም አለ፣ በ‹ቫት› የሚያልቅ፦ ‹ታ ፒዳቫት ሃይጌ ኦሌማ›፣ ወይም በአጭሩ ‹ታ ኦሌቫት ሃይጌ›፣ ታሟል አሉ። እኛ ‹አሉ› እና ‹ይባላል› ብለን ኃላፊነቱን ከራሳችን እንደምናወርደው፣ እነርሱ በግሱ መጨረሻ ያወርዱታል። ጋዜጣ ላይ ‹ቫት›ን ሲያዩ ጸሐፊው ‹የሰማሁት ነው› እያለ መሆኑን ይወቁ። ‹ታ ፒዲ ሃይጌ ኦሌማ› የሚለውን ‹መታመም ነበረበት› ብሎ መተርጎም የጀማሪ ስሕተት ነው።

ከግዴታ ሳንወጣ አንድ ቀረች፣ እርሷም ቁጭት ናት። በአማርኛ ‹መደወል ነበረብኝ› ሁለት ነገር ይላል፤ ግዴታዬ ነበር (ምናልባትም ደውያለሁ)፣ ወይም ሳልደውል ቀረሁ፣ ይቆጨኛል። ኢስቶኒያኛ ይለያቸዋል። ‹ማ ፒዲን ሄሊስታማ› የመጀመሪያው ነው። ‹ማ ኦሌክሲን ፒዳኑድ ሄሊስታማ› ሁለተኛው፤ አልደወልኩም፣ መደወል ነበረብኝ። ለወዳጅዎ ይቅርታ ሲጠይቁ ‹ፒዲን› ካሉ፣ ‹ታዲያ ደወልክ ወይ?› የሚል ዝምታ ሊገጥምዎ ይችላል። በቁጭት ጊዜ ‹ኦሌክሲን ፒዳኑድ› ይበሉ።

ሁለተኛው ግስ፣ ‹ያዘ›፣ ሀብቱ ከስሞች ጋር በመጣመሩ ነው። በእጅ መያዝ ብቻውን ሲሆን ኢስቶኒያውያን የሚጠቀሙት ብዙውን ጊዜ ‹ሆይድማ› የሚለውን ሌላ ግስ ነው፤ ‹ፒዳማ› የሚገባው ቀጣይነት ላለው ነገር ነው። ዶሮ የሚያረባ ሰው ‹ፔአብ ካኑ›፣ ውሻ ያለው ‹ፔአብ ኮኤራ›፣ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ‹ፔአብ ፖዲ›፣ ንግግር የሚያደርግ ‹ፔአብ ክኔት›። በዓልም ይከበርበታል። ‹ፒዱ› ድግስ ወይም በዓል ነው፤ ‹ፒዱ ፒዳማ› መደገስ። ‹ላውሉፒዱ› ታላቁ የመዝሙር በዓላቸው ነው፣ የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 1869 እርስዎ ባሉባት ታርቱ ነበር፦ ‹ኤሲሜኔ ላውሉፒዱ ፔቲ 1869 አስታል ታርቱስ›። እዚያው ከተማ ያለውን ‹ላውሉፔኦሙሴኡም› የሚል የሙዚየም ስም ሲያዩ፣ ‹ፒዱ› እንዴት ‹ፔኦ› እንደሆነ ያስተውሉ፤ ድ ወደቀች፣ ኢ ወደ ኤ ወረደች። ያው ከላይ ያልነው ሕግ ነው።

‹ፔቲ› እና ‹ፔታክሴ› ተገብሮዎቹ ናቸው፣ ‹ተካሄደ› እና ‹ይካሄዳል›፤ ማስታወቂያ ላይ በብዛት ያገኟቸዋል። ‹ፔቱድ› ደግሞ ‹የተያዘ፣ የተካሄደ› ነው። ስለዚህ ‹ፒዳኑድ› እና ‹ፔቱድ› አይምታቱብዎ፤ ፊተኛው የሠሪው ነው፣ ኋለኛው የተሠራበት።

ሙያተኛን በዚህ ግስ መጥራት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛውን ‹ራማቱፒዳያ› ይሉታል፤ ‹ራማት› መጽሐፍ ነው፣ ቃል በቃል መጽሐፍ ያዥ። እኛም ገንዘብ ያዥ፣ መዝገብ ያዥ እንላለን። ‹ራማቱፒዳሚኔ› የሒሳብ አያያዝ ነው፣ ‹ማያፒዳሚኔ› የቤት አስተዳደር ወይም ቤተሰብ (‹ማያ› ቤት ነው)። ይህ ተመሳሳይነት ጥሩ መደገፊያ ነው፤ ሁሉንም ግን በ‹ያዘ› ለመተርጎም አይሞክሩ። እኛ ንግግር አንይዝም፣ ሠርግም አንይዝም።

ተሳቢው የትኛውን ቅርጽ እንደሚይዝ ይጠንቀቁ። ድርጊቱ የሚቀጥል ከሆነ ተሳቢው ‹ኦሳስታቭ› በሚሉት ከፊል ቅርጽ ይሆናል፤ ያለቀ ከሆነ ‹ኦማስታቭ› በሚሉት የባለቤትነት ቅርጽ ይሆናል። ‹ፕሬሲዴንት ፒዳስ ክኔት› ስንል ፕሬዚዳንቱ እየተናገሩ ነበር፤ ‹ፕሬሲዴንት ፒዳስ ክኔ› ስንል ንግግራቸውን አደረጉ፣ ጨረሱ። የአንዲት ት ልዩነት ናት። ከልማዳዊ ነገር ጋር (ዶሮ፣ ውሻ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ቃል) ሁልጊዜ ከፊሉን ይጠቀሙ፤ ብዙም አይሳሳቱም።

‹አድርጎ ቆጠረ› የሚለው ትርጉም የራሱ ቀመር አለው፦ ሰውዬው በ‹ኦሳስታቭ›፣ የተቆጠረበት ነገር በ‹ክስ› (ይህን ቅርጽ ‹ሳቭ› ይሉታል)። ‹ማ ፒዳሲን ቴዳ ኤስትላሴክስ›፣ ኢስቶኒያዊ መስሎኝ ነበር። ‹ክስ› ከተረሳ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። በተገብሮ ‹ቴዳ ፔታክሴ ሄአክስ አርስቲክስ› ይሆናል፤ ጥሩ ሐኪም ነው ይባላል። ይህን ቅድም ካየነው ወሬ ጋር ያስተያዩት፦ ‹ታ ፒዲ ሄአ አርስት ኦሌማ› እንዲሁ ‹ጥሩ ሐኪም ነው አሉ› ነው። ልዩነቱ፣ ፊተኛው የሰዎችን ፍርድ ይናገራል፣ ሰዎች እንዲህ ይመለከቱታል። ኋለኛው እኔ በወሬ እንደሰማሁት ብቻ ይናገራል። ስለ አንድ ሐኪም ሰው ጠይቆዎት የሚያውቁትን ዝና መናገር ከፈለጉ ፊተኛውን ይምረጡ።

ከዚያ ‹ፒዳማ› ከአጃቢ ቃላት ጋር ሲጣመር የሚወልዳቸው አሉ፤ ለኑሮ የሚያስፈልጉትን ብቻ ላንሣ። ‹ኪንኒ ፒዳማ› ማስቆም፣ መያዝ ነው። ‹ፖሊትሴይ ፒዳስ ቫርጋ ኪንኒ›፣ ፖሊስ ሌባውን ያዘ። ለታክሲ ነጂ ‹ፓሉን ፒዳጌ ሲን ኪንኒ›፣ እባክዎ እዚህ ያቁሙ። ይኸው ‹ኪንኒ ፒዳማ› በ‹ስት› ከሚያልቅ ስም ጋር ሲመጣ ግን ማክበር፣ አለመጣስ ይሆናል፦ ‹ሌፒንጉስት ፔአብ ኪንኒ ፒዳማ›፣ ውል መከበር አለበት። የቤት ኪራይ ውል ላይ ይህችን ካዩ ማንም ሊታሰር አይደለም። ያለ ‹ስት› ማሰር፣ በ‹ስት› ማክበር ነው። በተራ ዐረፍተ ነገር አጃቢው ወደ መጨረሻ ይሸሻል (‹ፒዳስ… ኪንኒ›)፤ በ‹ማ› ቅርጽ ግን ከግሱ ፊት ይቆማል (‹ኪንኒ ፒዳማ›)።

‹ቫስቱ ፒዳማ› መቋቋም፣ መጽናት ነው። ‹ፔአ ቫስቱ!› ሲሉዎት እንደ ‹አይዞህ፣ በርታ› ይቀበሉት፤ ለብዙ ሰው ወይም በአክብሮት ‹ፒዳጌ ቫስቱ!› ነው። ‹ንኡ ፒዳማ› መመካከር፦ ‹ፒዳሲሜ አርስቲጋ ንኡ›፣ ከሐኪሙ ጋር ተማከርን፤ ‹ጋ› የእኛ ‹ጋር› ናት፣ ድምፁ መገጣጠሙ በአጋጣሚ ቢሆንም ለማስታወስ ይረዳል። ‹ሲልማስ ፒዳማ› በዐይን መያዝ፣ ማለትም ማሰብ፣ ማለት መፈለግ ነው፤ ‹ሚዳ ሳ ሲልማስ ፔአድ?› ሲሉዎት ‹ምን ማለትህ ነው?› ነው። ቁጣ የለበትም። ‹ፓይካ ፒዳማ› እውነት ሆኖ መገኘት፦ ‹ሴ ኤይ ፔአ ፓይካ›፣ ይህ ልክ አይደለም። እዚህ ‹ኤይ ፔአ› ስላለ ብቻ ‹ግዴታ የለም› ብለው እንዳይፈቱት፤ በ‹ማ› የሚያልቅ ግስ አልተከተለውም። ‹ቬት ፒዳማ› ውሃ አለማሳለፍ ነው፣ ‹ቬትፒዳቭ› የሚል ጃኬት ካዩ ዝናብ አያስገባም።

‹ሉጉ ፒዳማ› ማክበር ነው፣ ሰውዬው በ‹ስት›፦ ‹ማ ፔአን ቴማስት ሉጉ›፣ አከብረዋለሁ። ይህን በየቀኑ በደብዳቤ ያገኙታል። መደበኛ ደብዳቤ ‹ሉጉፔቱድ› (የተከበሩ) ብሎ ይጀምራል፤ ከስሙ በላይ ‹ሉጉፒዳሚሴጋ› (ከአክብሮት ጋር) ብሎ ያልቃል። እነዚህን ሁለቱን እንዳሉ ይሸምድዷቸው፤ ለማዘጋጃ ቤትም ለባንክም ለአከራይም ይሆናሉ።

በመጨረሻ ከዚህ ግስ ቅርጾች ጋር በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላትን ልጥቀስ፤ ንባብ ላይ ያስቸግራሉና። ‹ፔአ› ራስ (ጭንቅላት) ማለትም ነው፤ ‹ማ ፔአን› ሲሉ ‹እኔ ጭንቅላት› ብሎ ያነበበ ጀማሪ ብቻውን አይደለም። ‹ፒዲ› ደግሞ ከስም በኋላ ስትመጣ መስተዋድድ ናት፦ ‹ቴድ ፒዲ› በመንገዱ በኩል፣ ‹ሳባፒዲ› በጅራቱ ይዞ፣ ‹ታጉርፒዲ› ወደ ኋላ ወይም ተገልብጦ። ‹ታ ላክስ ቴድ ፒዲ› ውስጥ ግዴታ የለም፤ መንገዱን ተከትሎ ሄደ ነው። ግስ ይሁን መስተዋድድ ለማወቅ ዐረፍተ ነገሩ ሌላ የተረባ ግስ እንዳለው ይመልከቱ፤ ካለው (እዚህ ‹ላክስ›፣ ሄደ) ‹ፒዲ› መስተዋድድ ናት።

ወደ እርስዎ ዐረፍተ ነገር ስንመለስ፣ እንደ ሐሳብዎ አራት መልክ አለው። ግዴታ ነበረ ለማለት ‹ማ ፒዲን ኤይሌ ኮሊ ሚኔማ›። ልሄድ ነበር፣ ግን ቤት ቀረሁ ለማለት ‹ማ ፒዲን ኤይሌ ኮሊ ሚኔማ፣ አጋ ያይን ኮዩ›። ሳልሄድ ቀርቼ ይቆጨኛል ለማለት ‹ማ ኦሌክሲን ፒዳኑድ ኤይሌ ኮሊ ሚኔማ›። ግዴታ አልነበረብኝም ለማለት ‹ማ ኤይ ፒዳኑድ ኤይሌ ኮሊ ሚኔማ›። ለአለቃዎ ደግሞ ነገ መምጣት ከፈለጉ ‹አይታህ፣ አጋ ማ ታሃን ቱልላ› ብለው ይመልሱላት፣ አመሰግናለሁ፣ ግን መምጣት እፈልጋለሁ፤ ‹ታሃን› ስለሆነ ‹ቱሌማ› ሳይሆን ‹ቱልላ›።